ዲያኒ ባሕር ዳር ወደተጠራ ሠርግ ቤተሰብ ይዞ መሄድ፦ ጥያቄዬና የመጡት መልሶች

ጥያቄውን በውይይት መድረክ ላይ ያቀረብኩት የወንድሜ ልጅ ልትዳር ስለ ሆነ ነው። ልጃችን የምትሠራው ናይሮቢ ሲሆን፣ እጮኛዋ ሞምባሳ ተወልዶ ያደገ ኬንያዊ ነው። ሕጋዊውን ፊርማ ናይሮቢ ይፈጽማሉ፤ ድግሱና ምርቃቱ ግን ከሞምባሳ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዲያኒ የባሕር ዳርቻ፣ በግንቦት ወር ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቅዳሜ፣ ከቀኑ በ10 ሰዓት አሸዋው ላይ እንዲሆን አስበዋል። የመጥሪያ ካርዱ ገና አልታተመም። ከአዲስ አበባ የምንጓዘው ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ልጆቻችንና እኔ ነን። እናቴ የሚሄዱት በምርኩዝ ነው፤ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ የልጅ ልጃቸውን ሳይመርቁ መቅረት ግን የማይታሰብ ነው።

የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ አረጋዊና ሕፃን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ሠርግ የሚጓዝ ሰው በምን በምን መዘጋጀት እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ተጋባዥ የሆነ ዘመድ ቦታውና ሰዓቱ ቤተሰቡን እንዲያመች ሙሽሮቹን ቢጠይቅ ነውር ይሆን እንደሆነ ነው። የራሴንም አቋም አልደበቅሁም፤ ቤተሰብ የተጠራበት ሠርግ ቤተሰቡ ሊቆምበትና ሊቀመጥበት በሚችል መሬት ላይ መደረግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ናይሮቢ ከሚኖር ወንድም ሲሆን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ወዲያው ወደ ጉዞው ገባ። እናቴን በመኪና ለማድረስ እንዳናስብ አጥብቆ መከረን። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ፣ ከሞያሌ ናይሮቢም ያንኑ ያህል እንደሚቀር፣ በኬንያ በኩል ያለው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ጉዞው ቢቀልም ጉልበቱ ለደከመ ሰው ያን ሁሉ ሰዓት ተቀምጦ መዋል ከባድ እንደሆነ አስረዳ። ከቦሌ በቀጥታ ሞምባሳ የሚያደርስ በረራ እያለ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም ባይ ነው። ልጆቹ ናይሮቢን እንዲያዩ ከፈለግን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚመላለሰው ባቡር በአምስትና በስድስት ሰዓት ውስጥ እንደሚያደርስ ጠቆመን። 2ኛው መልስ ይህንኑ ደግፎ፣ ባቡሩ የሚያልፈው በጻቮ ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ልጆቹን በመስኮቱ በኩል እንድናስቀምጥ አሳሰበ፤ የእርሱ ልጆች ዝሆን ያዩት እንደዚያ ነው።

3ኛውን የጻፈችው ሐኪም ናት፤ መልሷን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኬንያ ቢጫ ወባ ከሚገኝባቸው አገሮች የሚመጣን፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ የሆነን መንገደኛ ሁሉ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የጉዞው ሳምንት ድረስ መጠበቅ አይገባም፤ አንዴ የተወጋ ሰው ግን ለዕድሜ ልክ ይበቃዋል። እዚህ ላይ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አነሣች። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎች ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱ፣ ነገሩ እምብዛም የማያጋጥም ቢሆንም፣ ብርቱ የጎንዮሽ ጉዳት የሚደርስባቸው ከወጣቶች ይልቅ በብዛት ስለሆነ፣ እናቴ ቀደም ብለው ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው፤ ሐኪሙ መከተብ አይገባቸውም ካለም ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። ከዚህ በተጨማሪ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከተማ ወርዶ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋና አየሩ ርጥበት በበዛበት ዳርቻ ላይ መዋል ላብ ስለሚያበዛ፣ የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቂ ውኃ መጠጣቱን ሌላ ሰው ሊከታተልለት እንደሚገባ፣ መጠኑን ግን በራሱ መቀነስ እንደሌለበት ጻፈች። በዳርቻው ወባ አለ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ለወባ እንግዳ ነው። ስለዚህ አጎበር ያለበት ክፍል መጠየቅን፣ ከምሽት በፊት እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ መልበስን፣ ስለ መከላከያው ክኒን ከጉዞ በፊት መመካከርን፣ ከተመለስንም በኋላ ትኩሳት ከተሰማን የት እንደነበርን ተናግረን ደም መመርመርን አንድ በአንድ ዘረዘረችልን።

4ኛው አጭር ነበር፤ ባሕሩ ለልጆች የሚያሰጋ እንደሆነ የሚጠይቅ። መልሱን ያገኘው በ5ኛው ሲሆን፣ ጠቅላላ ውይይቱን የለወጠውም ይኸው 5ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ሞምባሳ በመርከብ ጭነት ሥራ ለብዙ ዓመታት የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል፣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል እንደሚያልፍ፣ የሚሞላበት ሰዓትም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ እንደሚሄድ ከነገረን በኋላ፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ውኃው ከሌላው ቀን ሁሉ ይበልጥ ከፍ እንደሚልና ይበልጥ እንደሚሸሽ፣ በኬንያ ዳርቻ በእነዚህ ቀናት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 4 ሜትር ሊጠጋ እንደሚችል ገለጸ። ከዚያም ወደ ቁም ነገሩ መጣ። በዚያ አካባቢ ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን ውኃው ጫፍ የሚደርሰው ከቀኑ 10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ልጃችን ለውበቱ ብላ የመረጠችው ቀንና ሙቀቱ በረድ እንዲል ብላ የመረጠችው ሰዓት ሲገናኙ፣ ወንበር ሊደረደርበት የታሰበው አሸዋ በአብዛኛው ከውኃ በታች ይሆናል ማለት ነው።

ይኸው ሰው ስለ ወሩም ዝም አላለም። እኛ ከፋሲካ በኋላ ጾም የሌለበትን ጊዜ ለሠርግ ስንመርጥ፣ የኬንያ ዳርቻ ትልቁ ዝናም የሚወርደው በዚያው በሚያዝያና በግንቦት እንደሆነ፣ በአንጻሩ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ሌላው የሠርግ ወራችን፣ ጥር፣ ለዳርቻው ደረቅ ወቅት እንደሆነ አስረዳ። ይህን ያህል ቀላልና ጠቃሚ ነገር ሠርግ ከሚያዘጋጁት ሰዎች መካከል አንድም ሰው ለልጃችን አለመንገሩ እስካሁን ያሳዝነኛል። ለ4ኛው ጠያቂም፣ ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ ያለው የኮራል ድንጋይ ትልቁን ሞገድ ስለሚሰብረው ውስጠኛው ውኃ የረጋ እንደሆነ፣ ነገር ግን ውኃው ሲሸሽ ልጆች በሚሮጡበት ድንጋይ መካከል እሾሃቸው እግር ውስጥ ተሰብሮ የሚቀር ጥቋቁር የባሕር እንስሳት ስላሉ፣ ማንም ልጅ ያለ ጫማ እንዳይገባ አስጠነቀቀ።

6ኛው መልስ ከጅማ ነው፤ በትሕትናና በአጭሩ፣ የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ ሌላ መሣሪያ ሳያስፈልግ የሂጅራን ቀን መመልከት እንደሚበቃ፣ በወሩ 14ኛና 15ኛ ቀን ጨረቃ ሙሉ እንደምትሆን፣ በ7ኛውና በ22ኛው ገደማ ደግሞ ግማሽ እንደምትሆን አስታወሰ። 7ኛው ከሰዓት አቆጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። የዳርቻው ሰዎች በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓትን እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ ካርድና የሆቴል ውል ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ በቃል የሰማውንና በካርድ ያነበበውን አደባልቆ ምርቃት ካለቀ በኋላ ሲደርስ እንዳየች የጻፈች እኅት፣ ካርዱ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ መከረች።

8ኛው ጸሐፊ ሙሽሮቹ ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትጠልቅ ፎቶ እንዲነሡ ምኞቱን ገለጸ፤ 5ኛውን የጻፈው ሰው ግን በጨዋነት አረመው። ዲያኒ የምትመለከተው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ከባሕር የምትወጣው ጠዋት ነው፤ ማታ የምትገባው ከኋላ፣ ከዘንባባው በስተጀርባ ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑም ከምሽቱ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል፤ ፎቶውን ቀደም ብሎ መጨረስ፣ ለአረጋውያንም ወደ መኪና የሚመለሱበትን መንገድ በመብራት ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ከ9ኛው እስከ 12ኛው ያሉት መልሶች ስለ አሸዋው ናቸው። 9ኛዋ ጸሐፊ በሌላ አገር ባሕር ዳር ሠርግ ታድማ ያየችውን ስትተርክ፣ የወንበሮቹ የኋላ እግሮች ቀስ በቀስ አሸዋው ውስጥ እየሰመጡ አንድ አዛውንት በምርቃቱ መካከል ወደ ኋላ መጋደማቸውን፣ ሁለት ሚዜዎች ሮጠው እንዳነሡዋቸው፣ ከዚያ በኋላ አዛውንቱ እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አለመናገራቸውን ጻፈች። ዊልቸር አሸዋ ላይ አይገፋም፤ ምርኩዝም ይሰምጣል። መፍትሔው ከመኪና ማቆሚያው እስከ መቀመጫው ድረስ ኮምፔንሳቶ ማንጠፍና በላዩ ምንጣፍ መዘርጋት፣ ለአረጋውያንም እግሩ ሰፊ የሆነ፣ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር መለየት እንደሆነ ገለጸች። በማያያዝም፣ የሐበሻ ቀሚስ ዘርፉ መሬት የሚጠርግ ከሆነ የጨው ውኃ ጥበቡን እንደሚያደርቀውና ነጭ ምልክት እንደሚተውበት፣ ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት ከፍ አድርጎ ማሰፋትና የነካውንም በዚያው ምሽት በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ እንደሚገባ አከለች።

10ኛው ጸሐፊ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ባይ ነው፤ ወንድ ልጆች እያሉ እናትን አቅፎ ማሻገር ክብር እንደሆነ ጻፈ። 11ኛዋ ግን አልተስማማችም። ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው ቆመው ቤተሰብ ያስተዳደሩ እናት በማያውቁት ሕዝብ ፊት ተሸክመዋቸው ሲወስዷቸው ምን እንደሚሰማቸው እርሳቸውን ጠይቀን እንደሆነ ጠየቀችን። 12ኛው በአንድ መስመር ከእርሷ ጎን ቆመ። እኔም የምደግፈው እርሷን ነው፤ እናቴን ጠየቅኋቸውና በምርኩዛቸው ሄደው ካልሆነ እንደማይመርቁ ነገሩኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ሲነጋገር ቆይቶ፣ 13ኛው መልስ ቁጣ ይዞ መጣ። ጸሐፊው የአገራችን ሠርግ ወግ ዳስ ተጥሎ፣ አያቶች ከፍ ካለው ቦታ ተቀምጠው፣ ጎረቤትም ሩቅ ዘመድም የሚታደምበት እንደሆነ፣ የዛሬ ወጣቶች ግን ስልክ ላይ ያዩትን የባዕድ ሥዕል ለመድገም ሲሉ ወላጆቻቸውን አገር ለአገር እንደሚያንከራትቱ፣ እንዲህ ዓይነቱን ግብዣ እምቢ ማለትም ትምህርት እንደሚሆን ጻፈ። 14ኛው ከዚህም አልፎ ስለ ሙሽራው ዜግነት የማይገባ ነገር ተናገረ፤ የመድረኩ ኃላፊዎች የተወሰነውን ክፍል አንሥተውታል፤ ደግ አደረጉ።

15ኛው የጻፈው አንባቢ ሁለቱንም ወደ መጀመሪያው ጽሑፌ መለሳቸው። ሙሽራው ሞምባሳ ተወልዶ ያደገ ነው ተብሎ በግልጽ ተጽፎ ሳለ ባሕሩን የባዕድ ፋሽን ማለት ሳያነቡ መፍረድ እንደሆነ፣ ያ ዳርቻ ለልጁ የተወለደበት ደጅ እንደሆነ፣ የእርሱም አያት ምርኩዝ ሊይዙ እንደሚችሉ፣ ሠርጉ አዲስ አበባ ቢደረግ ደግሞ እርሳቸው በተራቸው ወደ ከፍታው ወጥተው በብርድና በትንፋሽ ማጠር ሊቸገሩ እንደሚችሉ ሳያለዝብ ነገራቸው። ከሁሉም መልሶች ፍትሐዊው ይህ ይመስለኛል፤ ከሁለት አገር የተጋቡ ልጆች ባሉበት ቤት አንዱ ወገን መጓዙ አይቀርም።

16ኛውን የጻፉት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የበሰሉ ሰው መሆናቸው ከአነጋገራቸው ይታወቃል። ሥርዓተ ተክሊል በቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴና ከቅዱስ ቁርባን ጋር እንጂ በሌላ ቦታ እንደማይፈጸም፣ ሁለቱም ተጋቢዎች የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች መሆን እንዳለባቸው፣ ስለዚህ በባሕር ዳር የሚደረገው ድግስ ተክሊሉን የሚተካም የሚያፈርስም እንዳልሆነ በእርጋታ አስረዱ። የአያት ምርቃት ግን ሥፍራ አይመርጥም። ጥር 12 በምናከብረው በቃና ዘገሊላ ሠርግ ጌታ ከእናቱና ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ተጠርቶ መሄዱን፣ በዚያ ቤት የጎደለውን አስቀድማ ያየችውም እናቱ መሆኗን አንሥተው፣ የጎደለውን አይቶ ማመልከት ከተጋባዥ የሚጠበቅ እንጂ ነውር እንዳልሆነ ደመደሙ። ለሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

17ኛው የ13ኛው ጸሐፊ ምላሽ ነው። ስለ ሙሽራው የትውልድ ቦታ የተነገረውን ተቀበለ፤ የአረጋውያን ምቾት ከፎቶ በፊት መታሰብ አለበት የሚለውን ግን አጥብቆ ያዘ፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። በ18ኛው እኔም ገብቼ ልጃችንን የምወዳት መሆኔን፣ የምጠይቀውም ሠርጉ እንዲቀር ሳይሆን እናቴ እንዲገኙበት መሆኑን ጻፍኩ። በዚሁ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በውጭ አገር በዚያ አገር ሕግ መሠረት የተፈጸመን ጋብቻ፣ ለሕዝብ ሞራል ተቃራኒ እስካልሆነ ድረስ፣ እንደሚቀበለው ጠቅሶ፣ የፊርማው ወረቀት በደንብ ተረጋግጦ እንዲቀመጥ በ19ኛው አሳሰበ።

20ኛው ከሐዋሳ፣ በሐይቁ ዳር ሠርግ ሲያስጌጥ ከኖረ የዲኮር ባለሙያ ነው። ሐይቅም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለው፤ ባሕርማ ይብሳል። የአበባው ቅስት መሠረቱ በከባድ ነገር ካልተያዘ እንደሚወድቅ፣ ድምፅ ማጉያዎቹ በነፋሱ አቅጣጫ ወደ እድምተኛው ካልዞሩ ቃሉ ወደ ውኃው እንደሚሄድ፣ የሚመርቁት አረጋውያን ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ በአፋቸው አጠገብ የሚያዝ፣ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ያለው ማይክ እንደሚያስፈልጋቸው ጻፈ። ቡና የሚፈላ ከሆነ ረከቦቱ ከነፋሱ ተከልሎ፣ ከሰል ያለበት ማንደጃም ከሙሽሪት ቬሎና ከልጆች ርቆ ይቀመጥ፤ ፍንጣሪ ተነሥቶ የአንዲት ሚዜ ሻርፕ ሲበላ አይቷልና። 21ኛዋ ጸሐፊ እስራኤል ውስጥ ካለችው ከአሽዶድ ከተማ ሆና፣ በባሕር ዳር በተደረገ የዘመዷ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ የሚቆሙበት የጨርቅ ጥላ በነፋሱ ሊወሰድ ሲል አራት ወንድማማቾች አራቱን እንጨቶች እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ድረስ ይዘው መቆማቸውን አወጋች።

22ኛው መልስ ወዲያ ወሰደን። አንድ አባት በወጣትነታቸው ምጽዋ ያዩትን ሠርግ፣ በዚያ ሙቀት ድግሱ ሁሉ በሌሊት ይደረግ እንደነበር ሲያወጉ ሌሎች ተከትለው ስለ ወደብና ስለ ፖለቲካ መከራከር ያዙ። አባታችን ያወጉት ከእኛ ጉዳይ ጋር የሚሄድ ነበር፤ የቀረው ግን አልነበረም፤ ኃላፊዎቹም ወደ ርእሱ እንዲመለሱ ጠየቁ።

23ኛውን የጻፈችው ራሷ የወንድሜ ልጅ ናት። ውይይቱን ያደረሳት ጓደኛዋ ነበረች። ማዘኗ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቅ ነበር፤ ለአያቷ ምቾት የማታስብ ተደርጋ መሣሏ እንደጎዳት፣ 13ኛውና 14ኛው ጸሐፊዎች ስለማያውቁት ሰው የተናገሩት ቢነገራቸው የሚያሳፍራቸው እንደሆነ ጻፈች። ከዚያ ግን ስለ ውኃው ገለጸች። ቦታውን ሄደው ያዩት ጨረቃ በሞላችበት ሰሞን ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ገደማ ነበር፤ አሸዋው እንደ ሜዳ ሰፊ ሆኖ ነው ያገኙት፤ ያሳዩዋቸውም ሰዎች ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አልነገሯቸውም። ለ5ኛው ጸሐፊ ከልብ አመሰገነች።

24ኛው የእኔ ነው፤ የተናገርኩት ሁሉ እርሷን ለመክሰስ አለመሆኑን፣ የእርሷን ደስታና የአያቷን ወንበር ለይቼ እንደማላይ ገለጽኩላት። 25ኛው ጸሐፊ የቤተሰብን ጉዳይ በአደባባይ ማውጣት ተገቢ እንዳልሆነ በቁጣ ጻፈ፤ 26ኛዋ በአንጻሩ ይህ ውይይት ባይኖር ኖሮ የውኃውን ሰዓት ማንም ሳያውቅ እንግዳው ሁሉ ደርሶ ይቆም እንደነበር አስታወሰችው። ስም ሳይጠራ የተነገረ ችግር ብዙ ሰው ያስተምራል ብዬ ስለማምን ከ26ኛዋ ጋር ነኝ።

27ኛው ስለ ስንቅ ነው። እናቶች እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ በፌስታል ቋጥረው እንደሚጓዙ የታወቀ ነው፤ ኬንያ ግን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ፌስታልን ከልክላለች፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 ወዲህም እንደ ፓርክና ባሕር ዳርቻ ባሉ ጥብቅ ቦታዎች አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስና ኩባያ አይፈቀድም። ስለዚህ ስንቁ በጨርቅ ከረጢትና ክዳን ባለው ዕቃ ይያዝ፤ ስጦታውም በፕላስቲክ አይጠቅለል። 28ኛዋ ቀጥላ ስለ ዲያኒ ጦጣዎች ነገረችን፤ ከዛፍ ወርደው ጠረጴዛ ላይ ያለውን እንደሚያነሡ፣ በእርሷ ፊት አንዱ ከድፎ ዳቦ ላይ ግማሹን ገምሶ ጣራ ላይ ወጥቶ እንደበላው አወጋች። ልጆች በእጃቸው ምግብ ይዘው ጦጣዎቹን እንዳይቀርቡም አደራ አለች። የአካባቢው ነዋሪዎች፣ የዲጎ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ሙስሊሞች ስለሆኑና ዳርቻውም ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ከሆቴሉ ግቢ ስንወጣ አለባበሳችንን እንድናስተካክል ያሳሰበችውም እርሷው ናት።

29ኛው መልስ ስለ ወጪ ነበር። ጸሐፊው የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማደሪያና ልብስ ተደምሮ ብዙ ዘመድ ሊገኝ እንደማይችል፣ የቀረውም ሰው በመቅረቱ ሊያፍር እንደማይገባ ጻፈ። ሙሽሮቹ ከተመለሱ በኋላ አዲስ አበባ በአያትየው ቤት መልስ ቢጠራ፣ ያልተጓዘው ወገን በሙሉ ይታደማል፤ ከሩቅ የመጣው የሙሽራው ቤተሰብም ተራውን እንግዳ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ቤታችን ሲነገር እናቴ ወዲያውኑ ጠላው መቼ መጠንሰስ እንዳለበት መቁጠር ጀመሩ።

በ30ኛው ልጃችን ተመልሳ የተወሰነውን ነገረችን። ለቦታው ቀብድ ስለተከፈለ ወሩን ወደ ጥር መለወጥ አልተቻለም። ቀኑ ግን በአንድ ሳምንት ተገፍቶ ጨረቃ ግማሽ ወደምትሆንበት ቅዳሜ ተዛውሯል። ምርቃቱና ምግቡ ከአሸዋው ከፍ ብሎ ባለው ሣር፣ በዘንባባ ቅጠል በተከደነው ትልቅ ጣራ ሥር ይደረጋል፤ ዝናም ቢመጣም እድምተኛው አይበተንም። ወደ አሸዋው የሚወርደው የፈለገ ብቻ ነው፤ የሁለቱም ቤተሰብ አያቶች ከፊተኛው ረድፍ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

31ኛው የ5ኛው ጸሐፊ ነው። ግማሽ ጨረቃ በሆነበት ሰሞን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ውኃው በመጉደል ላይ እንደሚሆን፣ የሙላቱና የጉድለቱም ልዩነት አነስተኛ ስለሆነ አሸዋው ለልጆቹ እንደሚበቃ አረጋገጠ፤ ትክክለኛውን ደቂቃ ከሞምባሳ ወደብ የሙላት ሰንጠረዥ አይቶ እንደሚልክም ቃል ገባ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ዲያኒ ስንሄድ ደግሞ በሊኮኒ ጀልባ የሚሻገረው ሰልፍ እናቴን ስለሚያደክም፣ ሾፌሩ በዶንጎ ኩንዱ ድልድዮች በኩል እንዲወስደን አስቀድመን እንድንነግረው መከረን። ቲኬቱን ቆርጠናል፤ የእናቴ ቀጠሮ ከሐኪማቸው ጋር ሰኞ ነው።